የጽዳት ተራ የሌላት ልጅ

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። አንድ እግሯ ከልደቷ ጀምሮ ደካማ ስለሆነ በክራንች ነው የምትሄደው። ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፤ ደረጃውን ማንንም ሳትጠራ ትወርዳለች። ወሬዋማ ማለቂያ የለውም!

አንድ ቀን ግን ቤት ገብታ ቦርሳዋን ወረወረችና እዬዬ አለች።

«እማ፣ ዛሬ የኛ ረድፍ ተረኛ ነበር። እኔን ግን ‹አንቺ ሂጂ› አሉኝ።»

ከትምህርት በኋላ ክፍሉን በየተራ የሚጠርጉት ተማሪዎቹ ናቸው። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለው የከባድ መኪና መንገድ የሚገባው አቧራ ለጉድ ነው። ቢሆንም ልጆች የሚግባቡት እዚያ ነው፤ ወንበር እየተሸከሙ፣ ውኃ እየተረጫጩ፣ ሲጨርሱም ተያይዘው እየተንጫጩ ወደ ቤት። የኔዋን ‹ምስኪን፣ አትድከም› እያሉ ቀድመው ይሸኟታል። ብቻዋን ትመጣለች። በማግስቱ የትናንቱን ቀልድ እያነሱ ሲስቁ፣ እሷ አፍ አፋቸውን ታያለች።

በነጋታው ጠዋት ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። መምህሯ ገና ወጣት ናት፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣

«ኧረ እናቴ፣ አይቆጡ! እኛ እኮ አዝነንላት ነው፤ ለጽድቅ ብለን» አለችኝ።

«ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ አሉ! ስሚኝ የኔ እህት፣ መጽደቅ ካማረሽ ቤተ ክርስቲያኑ ያውልሽ፤ በልጄ አትጽደቂ! መጥረጊያ የሚያዘው በእጅ ነው በእግር? መቆም ከደከማት ቁጭ ብላ ወንበር ትወልውል። ከጓደኞቿ ግን አትለዩብኝ!»

ጮኼ ነው የተናገርኩት። ግቢው ሁሉ ሰማ፤ ይስማ! መምህሯ አቀረቀረች፤ ቀስ ብላም፣ «እሺ፣ ተራዋን ትይዛለች» አለችኝ።

ተራው በደረሰ ቀን ሰዓቱ አለፈ። ‹ወድቃ ይሆን?› እያልኩ ልቤ ተንጠልጥሎ በረንዳ ላይ ቆምኩ። በመጨረሻ ከልጆች ጋር ስትጨቃጨቅ ድምጿን ከታች ሰማሁ። እስከ ቅንድቧ አቧራ ለብሳ፣ ተቆጥታ ገባች።

«እማ፣ ያቺ የረድፋችን አለቃ ጮኸችብኝ እኮ! ‹ጥጉን ዘለልሽው፣ አንቺ ሰነፍ! ድገሚው!› አለችኝ። ቆይ፣ ነገ ባላሳያት!»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው እንባዬ ቀደመኝ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ምስኪን ሲሏት ኖረው፣ ልጄን ሰነፍ ብሎ የሰደባት ሰው ገና ዛሬ ተገኘ።