ሊሚ ከመድረክ የወረደች ዕለት

ሊሚ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዳንስ ስታጠና ዘመድ አዝማዱ «ትከሻ ለመስበቅ ደግሞ ትምህርት ያስፈልጋል?» እያለ ሲስቅባት ችላ ብላ አልፋለች። ከተመረቀች በኋላ የገጠማት ግን ከሳቁም ይብስ ነበር። ሥራ ልትጠይቅ የሄደችባቸው የባህል ምግብ ቤቶች ስለ ዲግሪዋ ሳይሆን ስለ ቁመቷ ነበር የሚጠይቋት።

እሷም እልህ ያዛት። ክረምቱን ሙሉ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቹ ዘንድ እየተቀመጠች፣ እግራቸው ሲረግጥ፣ እጃቸው መወርወሪያውን ሲቀልብ፣ ወገባቸው ሲጎብጥ እያየች የራሷን ውዝዋዜ ደረሰች። ሀምዳን ከሚባል የክፍል ጓደኛዋና ከሌሎች አራት ልጆች ጋር በሰፈሯ ወጣት ማዕከል አዳራሽ ተለማመዱት።

ጉልላት የሚባል የመድረክ ዝግጅት አሰናጅ አየውና ለአንድ ሆቴል ምረቃ ፈለገው። በመጨረሻው ልምምድ አስተዋዋቂው ማይኩን ይዞ «ድርሰትና ቅንብር፣ ጉልላት!» ሲል ሊሚ ጆሮዋን ማመን አቃታት።

«የማን ድርሰት?» አለች መድረኩ ላይ እንደቆመች።

«አታካብጂ እንጂ ሊሚዬ» አለ ጉልላት። «አንቺ እኮ ተወዛዋዥ ነሽ፤ ያስተባበርኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ያ የመጎንበሱ ነገር ይውጣ፤ እንግዳው ትከሻ ነው የሚፈልገው። ፈገግ በሉ!»

ደሟ ፈላ። ቦርሳዋን አንስታ ወረደች። ሀምዳን ተከተላት፤ አራቱ ግን አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ። ከጉልላት ይልቅ በእነሱ ተቃጠለች።

ውዝዋዜው ያለ እሷ ቀረበ። በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ቁስቋም ቤታቸው ከአባቷ ጋር ተቀምጣ ነበር። አቶ ጀቤሳ በሸጎሌ ገበያ ከብት ይነግዳሉ፤ የልጃቸውን ሙያ በበጎ አንስተው አያውቁም። አፍጥጠው አዩና፣

«ይሄ ሳሎኑን ስታናውጪበት የከረምሽው አይደለም እንዴ?» አሏት።

«ነው አባዬ።»

«ታዲያ የማንን ስም ነው የሚጠሩት?»

የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«እኛ ጋ የሰው በሬ ነድቶ የሄደ ሌባ ነው የሚባለው። እናንተ ጋስ?»

«ፕሮዲዩሰር።»

በማግስቱ ዱላቸውን ይዘው «ቢሮውን አሳዪኝ» ቢሉ በስንት ልመና መለሰቻቸው።

እሷና ሀምዳን ሥራውን ከነመጎንበሱ ሸማኔዎቹ ግቢ ውስጥ አሳዩት። ከዚያ ወዲህ በወጣት ማዕከሉ ታስተምራለች፤ ትንንሽ መድረኮችም ይጠሯታል። ጉልላት ለሌላ ዝግጅት ደውሎላት ነበር።

«በዚያው ማይክ ስሜን ከነአባቴ ጠርተህ ይቅርታ ጠይቅ» አለችው። ዘጋባት።

ሰዎች «ይብቃሽ፣ ይቅር በይው» ይሏታል።

«መጀመሪያ ይጠይቀኛ!» ትላለች።