የአመዱ ጣሳ

ባለፈው ሰኔ የጎረቤቴ ልጅ ለቁንጫ ብላ ምንጣፏ ላይ ነጭ ዱቄት ነስንሳ በረንዳው ላይ አሰጣችው። ሽታው በመስኮት ገባ። ጣፈጥ ብሎ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ነው፤ ከስልሳ ዓመት በላይ ቢሆነውም አፍንጫዬ አልረሳውም። መስኮቱን ዘግቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ አሰላ የነበረው የአዴ ዘይነባ ጓሮ ግን ዘግቼበትም መምጣቱ አልቀረም።

አባቴ ከመንዝ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። አሰላ ውስጥ ዘመድ የሚባል አልነበረንም። የምንኖርበት ቤት የአዴ ዘይነባ ሲሆን ግቢያችንም አንድ ነው። የአገሩ ሰው እናት ለምትሆነው ሴት "አዴ" ይላል፤ እኛም እንደዚያው ለመድን። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለዱም፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው በፈንጣጣ ጠፍተዋል። የቀሯቸው ጓሮ ውስጥ ባላ ላይ የተጋደሙ ሦስት ቀፎዎች ነበሩ።

ሰፈሩ ዓይነ ስውር ሴት ንብ ማነቧን ተአምር ያደርገው ነበር። እኔ ግን ሲሠሩ ስለማይ አይደንቀኝም ነበር። ቀፎ ሲከፍቱ ኩበት ያጨሱና እጃቸውን ሳያቻኩሉ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያገላብጥ ሰው ያስገባሉ። ላብ ያጠመቀው የጋሪ ፈረስ በአጥራችን በኩል እንዲታሰር አይፈቅዱም። እናቴም ሽቶ ተቀብታ ወደ ጓሮ ዝር አትልም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ንቦቹ ከሚመላለሱበት ፈንጠር ብለን የበግ ለምድ ላይ እንቀመጣለን። "ማነው ይሄ?" ይሉኛል ጣታቸውን ቀስረው። ሠራተኛዋ ንብ ከአበባ ስትመለስ ስለሚከብዳት ድምጿ ዝቅ ይላል። ድንጉላው፣ ማለትም ወንዱ፣ ድምፁ ወፍራም ነው፤ መናደፊያ ግን የለውም። ተርብ እንደ ንብ አታመነታም፣ ቀጥ ብላ ነው የምትመጣው። መሬት ውስጥ የምትኖረውን፣ ከትንኝ ብዙም የማትበልጠውን ጣዝማን የሚሰሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ስሳሳት ጉልበቴን በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ወደ ቀፎው ስንጠጋ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚሉኝ፦ "ትንፋሽሽን ያዢ። ትንፋሽ ያናድዳቸዋል።"

የንቦቹ ጠላት ጉንዳን ነበር። ጠዋት ጠዋት ከምድጃችን አመድ ዝቄ በአሮጌ የዘይት ጣሳ አደርስላቸዋለሁ። እሳቸው በባላዎቹ ዙሪያ ይበትኑትና እንጨቱን ከእግሩ እስከ ቀፎው አፍ ድረስ በመዳፋቸው ያሹታል። አንድ ዓመት ሐምሌ ላይ ግን ዝናቡ እያጠበው አስቸገረ። ጉንዳኑ አንዱን ቀፎ ደፈረ።

"በዚህ ዘመን አመድ" አለ አባቴ እየሳቀ። እሱ በካርቶን ታሽጎ፣ ማኅተም ተመትቶበት የመጣ ነገር ሁሉ ይሠራል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ያን ሰሞን ለቅማልና ለቁንጫ ተብሎ ለሠራተኛ የታደለውን ዲዲቲ አልጋችን ላይ ነስንሶ ነበር። የተረፈውን ከአመዱ ጋር ቀላቀለው። "አትንገሪያቸው፤ ጉንዳኑ ሲጠፋ ይገረሙ" አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። ደስ ሊያሰኛቸው ነበር የፈለገው።

ጣሳውን አደረስኩ። አዴ ዘይነባ አንድ እፍኝ ዘገኑና እጃቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

"እንጨት ቀየራችሁ እንዴ?"

"አዎ፣ ባሕር ዛፍ ነው" አልኳቸው።

ደግመው አሸተቱት። ከዚያ እንደ ወትሮው በተኑት፤ ባላውንም እስከ ቀፎው አፍ አሹት።

በሦስተኛው ቀን ንቦቹ መሬት ላይ እየወደቁ እንደ ሰከረ ይሽከረከሩ ጀመር። በሳምንቱ ሦስቱም ቀፎዎች ጭጭ አሉ። አዴ ዘይነባ ጆሯቸውን ቀፎው ላይ ለጥፈው በጣታቸው ቆረቆሩ፤ አዳመጡ፤ ደግመው ቆረቆሩ። በኋላ ተንበርክከው የሞቱትን ከጭቃው ላይ በዳበሳ እየለቀሙ ቀሚሳቸው ላይ አጠራቀሙ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ እናቴንና እኔን አስቀመጠን። "ካወቁ ያስወጡናል። በዚህ አገር ማን ያስጠጋናል? አንድ ቃል እንዳይወጣችሁ" አለ። ጎረቤት እንደ ለቅሶ ተሰብስቦ መጣ። ዓይነ ጥላ ነው ያለ አለ፣ ምቀኛ ነው ያለ አለ። አዴ ዘይነባ ሁሉንም በአንድ ቃል ዘጉት፦ "ጭስ አብዝቼባቸው ነው። እጄ አርጅቷል።" ጣሳውን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ከዚያም በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ለምዱ ላይ እንቀመጥ ነበር። "ማነው ይሄ?" የሚሉት ግን ቀረ። ባዶዎቹን ቀፎዎች ብል በላቸው። ሌላ መንጋም አልመጣም። እኔ በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ተቀምጬ እነሣለሁ።

በዓመቱ አባቴ ወደ ጢቾ ተዛወረ። ዕቃችን ጭነት መኪና ላይ ወጥቶ አባቴ ከሾፌሩ ጎን እንደተቀመጠ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

"አዴ፣ ባሕር ዛፍ አልነበረም።"

"አውቃለሁ፣ ኢንተላ ኮ። ልጄ፣ የየትኛውም እንጨት አመድ እንደዚያ አይሸትም። የዚያን ቀን አፍንጫዬን ትቼ አንቺን አመንኩ።"

"ታዲያ ጭስ ነው ያሉት ለምንድን ነው?"

"ብናገር አባትሽን ማን ሰላም ይለው ነበር? እዚህ ሰው የለውም።" እጄን ፈልገው ያዙ። "አንቺ ግን ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር። በየቀኑ አጠገቤ ሆነሽ ትንፋሽሽን ስትይዢ እሰማሻለሁ።"

ከመኪናው ጥሩምባ ተነፋ። ስወጣ አባቴ ምን እንዳሉኝ ጠየቀኝ። "መልካም መንገድ ነው ያሉት" አልኩት።

አዴ ዘይነባን ዳግመኛ አላየኋቸውም። አባቴ አርጅቶ ሲሞት፣ እሳቸው የንቦቹን ነገር ሳያውቁ እንደቀሩ አምኖ ነው የሞተው። በመጨረሻው ሰሞን አንድ ሁለቴ "እንኳን አላወቁ" ብሎኛል። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ትንፋሼን ያዝኩ።