ጤነኛው እግሬ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተነፈስኩም። ሚዛን ማጉደሌን ነግሬያቸው ሰግጄበታለሁ፤ ይህን ግን ዋጥኩት። እናንተ ስሙኝ፤ አታውቁኝምና ይቀለኛል።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ መርሳ ላይ እህል እነግድ ነበር። ክተት ሲባል ጉልበት ያለው ሁሉ ተጠራ። እኔም ዱሮ ከአይሱዙ ላይ ወድቄ ነበርና «ነርቬ ተነክቷል» ብዬ ማነከስ ጀመርኩ። መውደቁንስ ወድቄያለሁ፤ ነርቬ ግን ደህና ነበር። ፈራሁ። ሌላ ስም የለውም።

ትርሲት የጎረቤቴ የእትዬ አመለወርቅ ልጅ ናት። ወልድያ ታስተምር ነበር፤ ትምህርቱ ሲዘጋ ኮምፒውተሯን ይዛ እናቷ ዘንድ መጣች። ነርቭ ጡንቻን እንዴት እንደሚያዝዝ፣ ጡንቻውም አጥንቱን እንዴት እንደሚስብ በኮምፒውተር ሞዴል ትሠራለች። ስክሪኑ ላይ አንድ እግር ይራመዳል፤ ነርቩን ስታዳክምበት ያነክሳል። ሐሳቧ ቁስለኛ የሚያክሙትን ለማገዝ ነበር።

«ጋሼ ሞላ፣ ከእርስዎ እግር ጋር ላስተያየው» አለችኝ። እምቢ ብል ሰው ምን ይላል? ባቴ ላይ ሽቦ ለጥፋ ከበር እስከ ጓዳ አስነከሰችኝ።

በማግስቱ ግንባሯን ቋጥራ መጣች። «የእኔው የስክሪኑ እግር ነርቩ ሲደክም ጣቱን እየጎተተ ነው የሚሄደው። የእርስዎ ግን ተረከዙ ቀድሞ ያርፋል።»

«ታዲያ እግሬ ካንቺ ኮምፒውተር ፈቃድ ያውጣ?»

ሳቀች። «ኧረ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ጋሼ። ስህተቱን አገኘዋለሁ።»

አገኘዋለሁ! ነጋዴ ነኝ፤ ገዢ ራሱን ሲያሞኝ ዋጋ ሊሰብር እንደሆነ አውቃለሁ። ነቅታብኛለች አልኩ። ነገ ቀበሌ ትሄዳለች አልኩ። ቀድሜያት ሄድኩ።

ኬላ ለሚጠብቁት ጎረምሶች ሲጋራ አደልኩና «ያቺ የአመለወርቅ ልጅ ሽቦና ኮምፒውተር ምን ያደርግላታል? እኔ እንጃ» አልኩ። ይችው ናት። በዚያ ሰሞን «እኔ እንጃ» ከጥይት ይፈጥን ነበር።

ሰላይ ናት ብለው ወሰዷት። ኮምፒውተሩን አስፋልት ላይ በድንጋይ ሲፈጩት ቆሜ አየሁ። እናቷ ደጄ መጥተው «ሞላ፣ አንተ ሰው ታውቃለህ፤ ተናገርላት» ሲሉኝ «እግሬን እያዩት፣ እትዬ» አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። ይህ አፍ።

ከወራት በኋላ ተፈታች። ጦርነቱም ቆመ፤ እኔ ግን ማነከሴን አላቆምኩም፤ ባንድ ጊዜ ብድን ሰው ምን ይለኛል? ግራና ከተማ፣ ገበያ ላይ አገኘኋት፤ እዚያ ሕፃናት ታስተምራለች። ስለ ሥራዋ ጠየቅኳት።

«ተውኩት ጋሼ። እስር ቤት ሆኜ ሁሉን በጭንቅላቴ ደጋግሜ ሠራሁት፤ ስህተቱ አልገኝ አለኝ። የአንድ ሰው እግር ያልገባው ሞዴል ለማን ይጠቅማል?»

ምን እንደጠረጠርኩ አስቡት። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ እየወጋችኝ ይሆን? አልኩ። ዓይኗን አየሁ። አልነበረም። እሷ እስካሁን የምትጠረጥረው ራሷን ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «እግዜር ያውቃል» ብዬ እያነከስኩ ሄድኩ።

ትርሲት፣ ስሌትሽ ልክ ነበር። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅር ብትይኝ ዳግመኛ አተረፍኩብሽ ማለት ነው። ጦርነት ነበር ብዬም አላመካኝም። ጦርነቱ እጄን ይዞ ኬላ አላደረሰኝም። ማንም ሳያየኝ፣ በጓሮ በኩል፣ ቀጥ ብዬ ነው የሄድኩት።