እርሳስ የገባበት የኦቦ ዲንቃ ጉድጓድ

ነሐሴ ላይ ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። ድካም ነው ብዬ ችላ አልኩት። ጥቅምት ላይ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። የቀኝ እጄ አንጓ ታጠፈ። ቀና አልል አለ።

በንጉሡ ዘመን ነው፤ ከጉደር አለፍ ብሎ በሚገኝ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። የምጠጣው ከጎረቤቴ ከኦቦ ዲንቃ ጉድጓድ ነው። ከበላዩ በጣሊያን ጊዜ ተቆፍሮ የተተወ የእርሳስ ማዕድን ማውጫ አለ። በዚያ ክረምት ማውጫው በዝናብ ሞላ፤ የጉድጓዱም ውሃ ኮምጠጥ አለ። የአምቦ አገር ሰው ደግሞ ጣዕም ያለው ውሃ መድኃኒት ይመስለዋል። ኦቦ ዲንቃ መታመሜን ሲሰሙ እንስራ ሙሉ በአህያ ጭነው መጡ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ መምህርት! የአምቦው በጠርሙስ ነው፤ የእኔ ይኸው በእንስራ መጣልሽ። ጠጪ!»

ጠጣሁ። ባሰብኝ። ጨምሬ ጠጣሁ። ማበጠሪያ መያዝ አቃተኝ።

ወንድሜ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰደኝ። ሐኪሙ ድዴን ገልጦ አየ። ሰማያዊ መስመር ነበረበት።

«የሚጠጡት ውሃ ከየት ነው?»

ነገርኩት።

«የእርሳስ መመረዝ ነው። እጅዎ ሊመለስ ይችላል። ያንን ውሃ ከጠጡ ግን አይመለስም።»

እርሳስን ከሰውነት የሚያወጣ ኢዲቲኤ የሚባል መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጡኝ። ስወጣ ሐኪሙ መርዙ ከውሃው ጋር ይነሳ ይወርድ እንደሆነ ለማወቅ የጉድጓዱን ውሃ ከፍታ በየሳምንቱ እየለካሁ እንድጽፍ፣ በየወሩም ናሙና በንጹሕ ጠርሙስ እንድልክለት አዘዘኝ። ጣቴ የመለኪያውን ገመድ መቋጠር ስላልቻለ በየክንዱ የቋጠሩልኝ ኦቦ ዲንቃ ራሳቸው ናቸው።

«ውሃዬን እንደ አቡጀዲ ልትለኪው ነው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር፤ መርዝ አለበት ብላቸውም አላመኑም፣ እኔ ከሌላ ቦታ ሳስቀዳ እነሱ ከዚያው ይጠጡ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋይ የታሰረበትን ገመድ እያወረድኩ የረጠበውን ቋጠሮ ስመዘግብ፣ በጋው እየገፋ ውሃው እየወረደ፣ ኮምጣጣነቱም እየጠፋ ሄደ። የካቲት ላይ ኦቦ ዲንቃ ቀምሰው «ዳነ!» አሉ። በዚያው ሳምንት ከላቦራቶሪ የመጣው ወረቀት ግን እርሳሱ ቢቀንስም አሁንም ለመጠጥ አይሆንም፣ ክረምት ሲገባና ውሃው ሲነሳ ይብሳል ይል ነበር። አነበብኩላቸው።

ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት። «የልጅ ልጄም ሆዴን ትላለች» አሉ።

በማግስቱ ልጅቷን ይዘን ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። በእሷም ድድ ላይ ያው ሰማያዊ መስመር ተገኘ። ስንመለስ ኦቦ ዲንቃ አባታቸው የቆፈሩትን ጉድጓድ በገዛ እጃቸው ግንድ ረብርበው፣ እሾህ ከምረው ዘጉት፤ ክረምቱም ሳይገባ ከማዶው ኮረብታ ሥር ሌላ አስቆፈሩ፣ የናሙናው ውጤት ንጹሕ ነው ብሎ እስኪመጣም ማንንም አላስቀዱም። ልጅቷ ድና እኔው ክፍል ገባች፤ እኔም በግራ እጄ እየጻፍኩ አስተማርኳት።

ሐኪሙን አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ ግን፣ የሚወዱትን ውሃ ለመዝጋት የጨከኑትን ኦቦ ዲንቃን አመሰግናለሁ።

እንዲህ ያለ ሕመም ያገኛችሁ፣ የምትጠጡትን ውሃ ለሐኪም ንገሩ። በጣዕሙ አትመኑ፤ ማፍላትም እርሳስን አያወጣም። እጅ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ የእኔ ዓመት ተመንፈቅ ፈጀ። መጀመሪያ የተዘረጋችው ትንሿ ጣቴ ነበረች። ዛሬ አልዘረጋም ካለቻችሁ ነገም ሞክሯት።