የሳቢሪን ዓሣ

ሰው ትንኝ ሲያባርር ልብስ ሰፊው ከድሮ ትንኝ ያረባል እየተባለ ቡታጅራ ውስጥ ይሳቅበት ነበር። ዝናብ በጣለ ማግስት የጎረቤት በርሜል ላይ አጎንብሶ የትንኝ እጭ በሻይ ማጥለያ ሲያጠልል ያየ ሰው፣ ይህ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ጤናውም አይደል ቢል አይፈረድበትም። እጩ የዓሣ ቀለብ ነው። ዓሣው ቤታ ይባላል፤ ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ጅራቱ እንደ ሐር ሻሽ ይዘናፈላል፤ ጠባዩ ግን ከመልኩ አይገጥምም። ሁለት ወንዶች አንድ ውሃ ውስጥ ከገቡ አንዱ እስኪሞት ይቦጫጨቃሉ።

ዓሣዎቹ የልጁ የሳቢሪን ነበሩ። ከአዲስ አበባ በላስቲክ አንጠልጥላ ያመጣቻቸው እሷ ናት፤ ለየብቻ በየብርጭቆው ያኖረቻቸውም እሷ። የደረቀ የእንሰት ቅጠል ውሃው ላይ ከተጣለ ወንዱ ከሥሩ የአረፋ ጎጆ እንደሚሠራ ያገኘችውም ራሷ ሞክራ ነው። ከድሮ ያኔ ዞር ብሎም አያያቸውም ነበር። "አይበሉ፣ አይታለቡ" ይላት ነበር።

ሳቢሪን ከሁለት ዓመት በፊት በወሊድ ሞተች። እናቷ ቀድማ ስላረፈች ልታርሳት የነበረችው አረቅጥ የምትኖረው የከድሮ ታላቅ እህት፣ ዘይባ ነበረች። አራስ ቤት ያለ ቅቤ አይገባም ብላ ቅቤው እስኪጠራቀም ሦስት ቀን ቆየች። ምጡ ግን ሳይታሰብ ቀድሞ መጣ። ከድሮ ገበያ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ሳለ ሳቢሪን ቤት ውስጥ ብቻዋን ደሟ ፈሰሰ። ሕፃኑም አልተረፈም። ዘይባ ቅቤዋን ታቅፋ ስትደርስ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ አገኘች። ከድሮ አንዲት ቃል አልተናገራትም፤ እሷም ነገሩን አንስታ አታውቅም።

ዓሣዎቹ አንድ በአንድ አለቁ። በሳቢሪን እጅ የተፈለፈለ አንድ ሰማያዊ ወንድ ብቻ ቀረ፤ እሱም አርጅቶ ቀለሙ መደብዘዝ ጀምሯል። ከድሮ ከዚህ ዓሣ ዘር ማግኘት አለበት። ዘሩ ከቀጠለ ልጁ ከዚህ ቤት አልወጣችም፤ ካልቀጠለ ግን ሁሉም ነገር ያን ቀን አብሯት ተቀብሯል። ከአዲስ አበባ ሴት ዓሣ አስመጥቶ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለቱም ከሸፈ። ሦስተኛው አንድ ዓርብ ጠዋት ተሳካ። እንቁላሎቹ እንደ ጨው ቅንጣት ወደ ታች ሲረግፉ ወንዱ በአፉ እየለቀመ አረፋው ውስጥ ሰካቸው። ሳቢሪን ስለ ዓሣዎቹ ትጽፍበት የነበረው ደብተር እንደሚለው እናትየዋ እንቁላሏን ስለምትበላ ወዲያው ትወጣለች፤ የሚጠብቀው አባት ነው። ከድሮ ሴቷን አውጥቶ ሌላ ብርጭቆ ውስጥ ከተታት፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ዘይባ ለዘመድ ሰርግ ወደ መስቃን ስታልፍ እሱ ቤት አርፋ ነበር።

"እትዬ፣ ወልደዋል!" አላትና ለጁምዓ እየተጣደፈ ወጣ።

ሲመለስ በሩ ላይ በፈገግታ ጠበቀችው። ያን ፈገግታዋን ካየ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

"አራሷ ልጆቿ ሥር ቁጭ ብላ ሳያት አንጀቴን በላችው" አለችው። "ለሰርጉ ከያዝኩት አንድ ማንኪያ አቅልጬ አፈሰስኩላት። አራስ ያለ ቅቤ ይሆናል እንዴ?"

ከድሮ ገፍቷት ገባ። ውሃው ላይ ቢጫ ቅባት ተንሳፍፏል። አረፋው ከስሟል፤ እንቁላሎቹ ከታች ተበትነዋል። ቤታ ከውሃው ላይ ብቅ እያለ አየር ካልሳበ አይኖርም፤ ሰማያዊው ዓሣ ቅባቱ ሥር በጎኑ ተጋድሟል። በጣቱ ነካው። አልተንቀሳቀሰም።

"ምነው? ምን አጠፋሁ?" አለች ዘይባ።

"ገደልሽው።"

"እኔ?"

"በቅቤሽ። ሳቢሪንንም የገደላት ይኸው ቅቤሽ ነው!"

ተናገረው። ሁለት ዓመት ጉሮሮው ውስጥ የቆየው ነገር ወጣ፤ ሲወጣም አላቀለለውም።

ዘይባ አላለቀሰችም። ሻርፗን ከወንበሩ ላይ አነሳች።

"ይህን እስክትለኝ ነበር የምጠብቀው፣ ወንድሜ" አለችው። "ልክ ነህ።"

በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። አንድ ቃል ቢናገራት እንደምትመለስ ከድሮ ያውቃል። ፊቱን ወደ ዓሣው መለሰ። ወደ ሰርጉም አልሄደች፤ ወደ አረቅጥ የሚመለስ መኪና ልትፈልግ ወደ መናኸሪያው አቀናች። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለው ቅቤ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ከድሮ ቅቤውን እያየ ተቀመጠ። ከገበያ እስከ ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ሳቢሪን ያማጠች ቀን ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ስሟን አይቷል። የያዝኩትን ሱሪ ልጨርስ ብሎ አላነሳውም። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።