ሦስት ላይፍ ኮቾች መካኒሳ ወረዱ

ጎፋ፣ ሊነጋጋ ሲል

የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፉ ሰዎች ላሊበላ ወይም ዳሎል ይሄዳሉ። እኔ ከጎፋ ተነሥቼ ሀይሌ ጋርመንት ሄድኩ። ታክሲው በየመጋጠሚያው የሚቆምበትን ጊዜ ስትደምሩት ያው ነው።

ሥራዬ ላይፍ ኮችነት ነው። ሰው ግቡን እንዲያይ፣ እንዲነሣ፣ እንዲራመድ አግዛለሁ፤ ብቻዬን፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ። የሥራ ባልደረባ የለኝም። በሐሜት የማነሣው አለቃ እንኳ የለኝም። ደንበኞቼን «ብቻህን አትታገል፣ ሰው ፈልግ» ስል ዓመታት አልፈዋል፤ የራሴን ምክር ግን ለራሴ ሰጥቼ አላውቅም። ስለዚህ በቴሌግራም ብቻ የማውቀው ኮች ታምራት «እኛ ኮቾች የምንደጋገፍበት ማኅበር እንመሥርት» ብሎ ሲጠራን፣ ሸሚዜን የተኮስኩት ከዋዜማው ነው።

ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ።

«ጌታው፣ በጠዋት ወዴት ነው?»

«ስብሰባ አለኝ። አሰልጣኝ ነኝ።»

«የየትኛው ቡድን?»

«የቡድን አይደለም። ሰዎችን ነው የማሠለጥነው።»

«ምን እንዲሆኑ?»

«ራሳቸውን እንዲሆኑ።»

«አሁን ማንን ሆነው ነው?» አለና ክላክሱን ነፋ።

ከዚያ በኋላ በመስኮት ማየት ይሻላል ብዬ ፊቴን አዞርኩ። የብሎኬት ክምር፣ ያላለቀ ፎቅ፣ የቲማቲም ጋሪ፣ ጃኬቱን አንገቱ ድረስ ቆልፎ ታክሲ የሚጠብቅ ሰልፈኛ።

ሀይሌ ጋርመንት፣ ረፋድ ላይ

ካፌው ፎቅ ላይ ነው። ፉሉ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ከበላተኛው ይልቅ እይታውን ያሰበ ይመስላል። ታምራት ባለ ሰደርያ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የራሱ ፎቶ ያለበት ባነር ከጀርባው አቁሞ ይጠብቀናል። የቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ስም ሞልቷል፤ የመጣነው ግን እሱ፣ እኔና ቤዛ የምትባል ቀጭን፣ ዝምተኛ ኮች ብቻ ነን።

«ሥራ እንዴት ነው ጀግኖቼ?» አለ ታምራት፣ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ ሁሉ ጮክ ብሎ።

«ሞልቷል» አልኩ።

«እኔማ የማስተናግድበት ሰዓት ጠፍቶብኛል!» አለ እሱ።

እንዲህ ሥራ የበዛብን ሰዎች፣ የማንም ስልክ ሳይጠራ ረፋዱን ሙሉ ተቀመጥን።

ቤዛ ፉሉን አልነካችውም። «አንድ ነገር ላማክራችሁ» አለች በመጨረሻ። «አንድ ደንበኛ አለኝ። ሥራውን ካጣ ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ባለፈው ስንለያይ ‹ከእንግዲህ በእኔ አትድከሚ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው።»

ታምራት አገጩን በመዳፉ ደገፈ። «ይህ ሁኔታ ስለ ራስሽ ምን ያስተምርሻል?»

እኔ ከእሱ የተሻልኩ ነበርኩ ብል ደስ ባለኝ። «ከአንድ እስከ አሥር ብትለኪው፣ ጭንቀትሽ ስንት ይሆናል?» አልኳት።

ሁለታችንንም በየተራ አየችን።

«ሰውዬው ሞቶ እንዳይሆን ነው የምፈራው» አለች። «ቤት እንዳልናገር የሰው ምስጢር ነው። ለማን ልንገር? እናንተ ይገባችኋል ብዬ ነው የመጣሁት።»

የተማርናቸው ጥያቄዎች ሁሉ አለቁ። ታምራት፣ አሁን በተራ ሰው ድምፅ፣ «ቤቱን ታውቂዋለሽ?» አላት።

«አዎ፣ መካኒሳ ነው።»

«ተነሡ።»

መካኒሳ፣ ቀትር ሲጠጋ

ባነሩ ተጠቅልሎ አብሮን ታክሲ ተሳፈረ፤ የሁለት ሰው ጭንቅላትም መታ። ከአስፋልቱ ወርደን በኮብልስቶኑ በእግር ሄድን። ዳቦ ቤት፣ የብረት በር የሚበይዱ ሰዎች፣ ከዚያ ሰማያዊ የቆርቆሮ አጥር።

ቤዛ ብቻዋን ልታንኳኳ ሄደች፤ እኛ ከማዶ ሱቅ ደጃፍ ለስላሳ ይዘን ቆምን።

«ስለ ሥራዬ ከሰው ጋር አውርቼ አላውቅም» አለ ታምራት አጥሩን እያየ። «መድረክ ላይ ካልሆነ በቀር።»

«እኔም» አልኩ። ይህ ምን እንዳስተማረው አልጠየቅኩትም።

በሩ ተከፈተ። እጁ እስከ ክርኑ የሳሙና አረፋ የሆነ ሰው ብቅ አለ። ታምራት ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ።

«ቤዛ! ምነው፣ በሰላም?»

«ስልክህ ዝግ ነው እኮ!»

ምስጢር ጠባቂዎች ነንና ላለመስማት ሞከርን፤ ሰውዬው ግን ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው።

«ሲሙን አውጥቼ ጣልኩት። አትቀየሚኝና አንዱ ምክንያት አንቺ ነሽ። በየማለዳው ‹ዛሬ ያንተ ቀን ነው!› ብለሽ ትልኪልኛለሽ። የእኔ ካልሆነስ? አርፌ ልዘን እንጂ! አሁን እህቴ ከሆሳዕና መጥታ አብራኝ አለች። ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ እሱ ይሻለኛል።»

ቤዛ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሰውዬው ግራ ገብቶት አረፋው ከእጁ ሳይለቅ ውሃ ሊያመጣላት ሮጠ።

ወደ ቤት

የኋላ ወንበር ላይ ሦስታችንም ተጣብበን ተቀመጥን።

«እኔ እኮ ያንን መልእክት ለሁሉም ደንበኞቼ ነው የምልከው» አለች ቤዛ ዓይኗን እየጠረገች።

«እኔም እልከዋለሁ» አለ ታምራት። «ካንቺ ቻናል የቀዳሁት መሰለኝ።»

«እኔ ደግሞ ካንተ» አልኩ።

ሳቃችን ተሳፋሪውን ሁሉ አዞረው። ታምራት ወዲያው ለማኅበሩ ስምና ራዕይ ሊያወጣለት ሲል ቤዛ አቋረጠችው። «ስም አያስፈልገውም። ሲጨንቀኝ እደውላለሁ፤ ታነሣላችሁ። በቃ።»

ጎፋ ወርጄ በሬን ስከፍት ስልኬ ጠራ።

«ጀግናዬ!» አለ ታምራት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደረስክ?»

«ደረስኩ።»

«እሺ በቃ» አለና ዘጋው።

ከኮች አፍ እንዲህ ያለ አጭር ንግግር ሰምቼ አላውቅም።