ሆራና ያልተፈታው የስኳር ፌስታል

ያን የስኳር ፌስታል ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። አፉ እንደተቋጠረ እህቴ ቤት ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። እህቴ ደግሞ አጠገቡ ልጇን ታቅፋለች። ዓመት ከሁለት ወር የሞላት ልጅ ታለቅሳለች፣ እንባ ግን የላትም።

እኔ ጊንጪ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ታናሽ እህቴ አምቦ አግብታ ከአማቷ ጋር ነው የምትኖረው። የዚያን ቀን ጠዋት ደውላ፣ ልጅቷን ከትናንት ጀምሮ ውሃ ውሃ የሚል ተቅማጥ እንደያዛት ነገረችኝ።

"ሐኪም ቤት ውሰጃት" አልኳት። "እስከዚያው አንድ ሊትር የፈላ ውሃ አቀዝቅዢና ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጪበት። በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ስጫት።"

መጠኑን አስደገምኳት፣ ሳትሳሳት አለችው። ስልኩን ዘግቼ ክፍል ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ እንደገና ደወለች። "እየጠጣች ነው፣ ግን ባሰባት።" "ሐኪም ቤትስ?" አልኳት። "አማቴ ትንሽ እንየው ብለው ነው።" ቀሪውን ክፍለ ጊዜ ጥዬ መንገድ ዳር ወጣሁና ያገኘሁት ሚኒባስ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። እስከ አምቦ ድረስ ረዳቱንም ሹፌሩንም ስነጫነጭባቸው ሄድኩ።

ስደርስ የልጅቷ ዓይን ወደ ውስጥ ገብቷል። የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ብለቀው ተጨማድዶ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጀሪካን ሆራ አለ፤ ያ ፌስታልም አለ።

ሆራ በእኛ አካባቢ ከመሬት የሚፈልቅ ጨዋማ፣ የሚቆመጥጥ ውሃ ነው። ከብት ሲከሳ ወደ ሆራ ይነዳል። ሰውም ሆዱን ሲነፋው ይጎነጭለታል፤ እኔም ልጅ ሆኜ ጠጥቼዋለሁ፣ ክፋት የለውም። ግን ለዚህች ልጅ?

"ስኳሩስ?" አልኩ።

አማቷ ናቸው የመለሱልኝ። "ለኪ፣ አይሆንም! ስኳር ሆድ ያላላል። ሆራው የራሱ ጨው አለው፣ ይበቃታል። ስንቱን አሳድገንበታል።"

ጮህኩባቸው። እናቴ የሚሆኑ ሴት ላይ በገዛ ቤታቸው ጮህኩባቸው፤ እስካሁን አልተጸጸትኩም። ልጅቷን ከእህቴ እጅ ነጥቄ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፣ እህቴ ነጠላዋን እየጎተተች ተከተለችኝ።

ያናደደኝ ነገሩ ቀላል መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው የተቅማጥ ጀርም አንጀት አይበጣጥስም። መርዙ የአንጀትን ግድግዳ በሸፈኑት ሴሎች ውስጥ የሐሰት መልእክት ነው የሚያስተላልፈው። ሴሎቹ ጨው የሚያስወጡበት በር አላቸው፤ በሩ የሚከፈተው በኬሚካል ትእዛዝ ነው። መርዙ ያንን ትእዛዝ ማቆሚያ ያሳጣዋል። በሩ ተበርግዶ ይቀራል፣ ጨው ይወጣል፣ ውሃ ጨውን ተከትሎ ይፈስሳል። መርዙ የማይነካው ሌላ በር ደግሞ አለ። እሱ ጨውን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ስኳር አብሮት ሲመጣ ነው። ስኳር ከሌለ ያ በር አይሠራም፤ ጨው ብቻ ቢያጠጧት አንጀቷ ውስጥ ቆይቶ ውሃውን ይዞ ተመልሶ ይወጣል። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ እየጠጣች የደረቀችው ለዚህ ነው። መዳኛዋ እዚያው ፌስታል ውስጥ ታስሮ ተቀምጧል!

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ የልጅቷን የእጅ ደም ሥር ፈልጋ አጣችው። የጭንቅላቷን ፀጉር ላጭታ እዚያ ወጋቻት። ጉሉኮሱ መንጠባጠብ ሲጀምር እኔ እህቴን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ንዴቴ ገና አልወጣልኝም።

"እሳቸውስ አልተማሩም" አልኳት። "አንቺን ግን እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ። አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ! ይሄን በር በሰሌዳ ላይ ስዬ አላሳየሁሽም?"

ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና በእንግሊዝኛ ለቀቀችው፤ ሶዲየምና ግሉኮስ በአንድ ተሸካሚ፣ አንድ ላይ፣ ወደ ሴሉ እንደሚገቡ። አንዲት ቃል አላጎደለችም። እኔ ያስጻፍኳት ራሱ ነው፣ ነጠላ ሰረዙ እንኳን የቆመበት ቦታ ላይ ትንፋሽ ወሰደች።

"እና?" አልኳት። "እያወቅሽው?"

ዓይኗን ገለጠች። ክፍል ውስጥ ትጠራኝ በነበረው ስም ጠራችኝ።

"ቲቸር፣ ግሉኮስ ማለት እኛ ቤት ያለው ስኳር ነው ብለሽን ታውቂያለሽ? ይሄ ነገር ሆዳችን ውስጥ ነው ብለሽንስ ታውቂያለሽ?"

ያንን ትምህርት ስንት ዓመት አስተማርኩ፤ ክብ እስላለሁ፣ ቀስት እስላለሁ፣ ጻፉ እላለሁ። ለፈተና ይመጣል እላለሁ። አንድም ቀን ስለ ተቅማጥ አላነሳሁም፤ ክፍል ውስጥ ስለ ተቅማጥ ማውራት ነውር መስሎኝ ነበር።

ወደ ማታ ልጅቷ ጨርቋን አራሰች፣ ሽንት ነበር፤ ውሃው ሰውነቷ ገብቷል ማለት ነው። ነርሷ ሳቀች፣ እህቴ ተንበርክካ አለቀሰች። እኔ በማንኪያ ስኳርና ጨው የተበጠበጠበትን ውሃ እየሰጠኋት ነበር። አማቷ ፌስታሉን ይዘው መጥተው ደጅ ቆመዋል፤ ቋጠሮው አሁንም አልተፈታም፣ ለመግባት ይፈሩኛል። ግቡ አላልኳቸውም።

ሳምንቱን ሙሉ በእሳቸው ስናደድ ሰነበትኩ። ከዚያ አንድ ቀን ከቁም ሣጥኔ የድሮ የፈተና ወረቀቶች አወጣሁ፣ የእህቴም አለበት። የሶዲየምና የግሉኮሱ ጥያቄ ተራ ቁጥር አራት ላይ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻታለሁ።